ለአበባዋ የተከፈተው መስኮት

መጀመሪያ ሳል ነበር። በግንቦት የያዘኝን ደረቅ ሳል በመጻሕፍት አቧራ አሳበብኩ፤ ሥራዬ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ማዋስ ነውና። ሦስት ሳምንት አለፈ። ሌሊት አንሶላዬ በላብ ይርስ ጀመር። ቀሚሴ ሰፋኝ። አንድ ጠዋት መሐረቤ ላይ ደም አየሁ።

አክታዬ ጂን ኤክስፐርት በሚሉት መሣሪያ ተመረመረ። ዶክተሩ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩት።

«የሳንባ ቲቢ ነው። ይድናል። ስድስት ወር፣ አንድም ቀን ሳይዘለል።»

መድኃኒት የምትሰጠው ሲስተር ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል በአንድነት የያዘውን ክኒን ቆጥራ ሰጠችኝ። ሽንቴ ቢቀላ እንዳልደነግጥ ነገረችኝ። ከማን ጋር እንደምኖር ጠየቀችኝ። ከእኅቴ ጋር፣ በአንድ ክፍል፣ አልኳት።

«እንግዲያው መስኮት ይከፈት። ቀኑን ሙሉ።»

እኅቴን እትዬ የሺ እላታለሁ። በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በሃያ ሦስት ዓመቴ ፊደል ልቆጥር የማታ ትምህርት ስገባ ደብተር የገዛችልኝም እሷ ናት። የሲስተሯን ቃል ስነግራት ሳቀች።

«ቆላ የተወለደች ትሆናለች። በሐምሌ መስኮት ከፍቶ ሳል የሚያክም ማን አለ?»

የእንጨት መስኮቱን ዘጋች። ስንጥቁንም በአሮጌ ነጠላ ወተፈችው።

ዝም አልኩ። ቲቢ በትንፋሽ እንደሚተላለፍ አንብቤ ነበር። እሷም የእኔን አየር እንደምትተነፍስ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ከሕመሜ ሁሉ ዛሬም የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ከመስኮቱ ሥር አንድ አደራ ነበረብን። ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ ወረታ ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ሲሄዱ በቀለም ባልዲ የተከሏትን ሂቢስከስ የምትባል አበባ ለእኛ ትተዋት ነበር። ተክሏም ከወረታ ሙቀት የመጣች ናት፤ አበባዋ ቀይ ነው፣ ከመሐሉ ረጅም ምላስ ያወጣል። እትዬ እንዳይበርዳት ብላ ባልዲውን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጣቻት። በነሐሴ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። እንቡጦቿ ሳይፈኩ ረገፉ።

እማማ ዘይነባ በነሐሴ መጨረሻ ሲመለሱ ከደጃፉ አየት አድርገው ክው አሉ።

«የሺ፣ አበባዬን ገደልሽብኝ?»

«ኧረ እኔ! እንደ አራስ ነው የያዝኳት።»

«እሱማ ነው የጎዳት። ጨለማ ዘግተሽ፣ ውሃ በውሃ ላይ። አየር ትሻለች፣ ብርሃን ትሻለች። ክፈችላት።»

እትዬ ለእኔ ያልከፈተችውን መስኮት ለአደራዋ ከፈተችው። ትንሽ ከፋኝ፤ ግን አየሩ ገባ። ባልዲው ቀዳዳ እንደሌለውም ያን ዕለት ነው ያየነው። በጋለ ሚስማር አምስት ቦታ በሳነው፤ የሸተተ ውሃ ፈሰሰ።

በአራተኛው ቀን እትዬ ሳለች። ደግማ ሳለች።

«ይኸው፣ ብርዱ ገባልኝ» ብላ ልትዘጋ ተነሣች።

«አይዘጋም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አይዘጋም፣ እትዬ። የሚያስፈራን ብርዱ አይደለም፣ የእኔ ትንፋሽ ነው። ነገ አብረን ሄደን ትመረመሪያለሽ።»

አተኩራ አየችኝ። «አንቺም እንደ አበባይቱ ምላስ አወጣሽ?» አለችና እጇን ከመስኮቱ አነሣች።

ሁለታችንም አክታ ሰጠን። የእሷ ደረት ራጅ ተነሣ። ሁለት ቀን ጠበቅን። እህል አልቀመስኩም። ክኒኔን ግን ዋጥኩ።

ዶክተሩ ቀድመው የተናገሩት ስለ እሷ ነበር። «የእኅትዎ ሳንባ ንጹሕ ነው፤ ጉንፋን ነው የያዛቸው። የእርስዎም አክታ ጠርቷል። አራት ወር ይቀራል፤ ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ለመናገር ደስ ይላል። በመስከረም ፀሐይ ስትወጣ አበባዋን ከቁመቷ ሲሶውን ቆረጥኩላት፣ የበሰበሰውን ሥር አንሥቼ በአዲስ አፈርና በደረቀ የከብት ፍግ መልሼ ተከልኳት፤ የቆረጥኩትንም ቅርንጫፍ በእርጥብ አሸዋ ሰክቼ አኖርኩት። ውሃ የምትጠጣው ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ ደረቅ ሲሆን ብቻ ሆነ፤ ቅጠሏን የወረረውን ጥቃቅን ተባይ በሳሙና ውሃ አጠብኩት። የእኔም መድኃኒት ከአራት ወደ ሁለት ዓይነት ወረደ፣ ቀሚሴ እንደገና ጠበበኝ፣ በጥቅምት ወደ መጻሕፍቶቼ ተመለስኩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ አበባዋ ቀን ከመስኮቱ ሥር ፀሐይ ትሞቃለች፣ ሲመሽ ከሲሚንቶው አንሥተን በርጩማ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገን እናሳድራታለን። ባልዲውን መጀመሪያ የምታነሣው እትዬ ነበረች። በገና ሰሞን ብቻዬን አነሣሁት፤ አላሳለኝም።

የመጨረሻውን ክኒን በጥር መባቻ ዋጥኩ። አክታዬ እንደገና ታይቶ ንጹሕ ሆነ፣ ካርዴ ላይ «ድናለች» ተብሎ ተጻፈ። አበባዋ ከዚያ በኋላም ሁለት ሳምንት አስጠበቀችን። በፈካች ጊዜ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ እትዬ እስከ ትምህርት ቤቱ በር መጥታ ጠራችኝ፤ ይህች አበባ ከአንድ ቀን ወይም ከሁለት አታልፍምና።

ክኒን ቆጥራችሁ ለምትውጡ ሁሉ ያየሁትን ልንገራችሁ። እኔን ያዳነኝ መስኮቱ አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው። መስኮቱ የሚጠብቀው አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ነው። ስለዚህ ዝም አትበሉ፤ ያሳደገቻችሁም ብትሆን ንገሯት። ሳል የያዛቸውን ቤተሰቦቻችሁን አስመርምሩ። ያቺን ሲስተር፣ ያንን ዶክተር፣ እማማ ዘይነባንም እግዜር ይስጥልኝ።

እማማ አበባዋን መልሰው አልወሰዷትም። «አንቺ ዘንድ ለመደች» አሉኝ። እኔም አሸዋው ውስጥ ሥር ያወጣውን ቅርንጫፍ ለወረታዋ ልጃቸው ላደርስ በየካቲት ከእትዬ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ገና ከከተማ ሳንወጣ እትዬ መስኮቱን ገፋ አድርጋ ከፈተችው።

«እናቴ፣ ይዝጉልን እንጂ፣ ብርድ ገባ» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ።

«ጋቢህን ተከናነብ፣ ልጄ» አለችው ሳትዞር። «ሳንባ የሚበላው ብርድ አይደለም። እኔን ጠይቀኝ።»

እስከ ወረታ አልተዘጋም።