የቅቤ ነጋዴዋ ጣቶች

ማለዳ ራጉኤልን መሳለም። የኮባውን ጥቅል መፍታት። ቅቤ መዳሰስ። ከደንበኛ መከራከር። ማታ ሰባተኛ ሰፈር ወዳለው ቤቷ መመለስ።

ይህች የመርካቶ ሴት ቅቤ ስትረከብ ሦስት ጣቶቿን ገጥማ ከዳር ወደ መሃል በዝግታ ትዳስሳለች፤ ለማታለል በቅቤ የተሸፈነ ድንች ከእጇ አምልጦ አያውቅም። እናቷንና ታላቅ እህቷን ግን የጡት ዕጢ ወስዶባታል። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ዓይኗን ተኩላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ለምርመራ ትሄዳለች። ዘንድሮ ደግሞ ነጻ ከወጣች ለራጉኤል ጥላ ልታስገባ ተስላለች።

«ጃንሆይ ይሙት፣ ለሐኪሙ ነው የተኳልሽው!» አለቻት ጎረቤቷ ጠሂራ።

«ለዕጢው ነው፤ አይቶኝ እንዲሸሽ።»

ሆስፒታል ስትደርስ ወጣቱ ሐኪም ምርመራውን በጥድፊያ ጀመረ።

«ዶክተር፣ ቅቤ እንኳ እንዲህ ተጣድፈው አይፈትሹትም። ከዳር ይጀምሩ እንጂ!»

ሐኪሙ ስቆ ከዳር ጀመረ። ቀልደኛዋ ሴት ግን እጁ እስኪነሣ ድረስ በልቧ ራጉኤልን ትማጠን ነበር።

«ምንም የለም፣ እትዬ። እጅዎ ከእጄ ሳይሻል አይቀርም፤ በየወሩ ራስዎ ጡትዎን ይዳስሱ። እኔ ዘንድ መምጣቱም እንዳይቀር።»

በማግሥቱ ጥላ ሻጩ የጠራውን ዋጋ ሳትከራከር ተቀበለች፤ ሰውየውም ደነገጠ። ጥላውን ለራጉኤል አስገባች። ስለቷን ሙሉ በሙሉ ከፈለች።