ድንጋይ የማይበሳ መሰርሰሪያ

«እማማ፣ ባለቤትዎን ይላኩልኝ፤ ለእሳቸው አስረዳለሁ» አለኝ ዛሬ የመጋላ ገበያው ባለሱቅ።

ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል። ቢኖርም ስለ መሰርሰሪያ ከእኔ የተሻለ አያውቅም ነበር።

የፈለግሁት ርካሽ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ነው። የድንጋይ ግድግዳዬን በስቼ አጎበር ካልሰቀልኩ የልጅ ልጄን ዘንድሮም ወባ ሊጥልብኝ ነው።

«ለአልፎ አልፎ ሥራ ይህ ይበቃዎታል» ብሎ አንዱን አወጣና ጣውላ በሳበት።

«ድንጋይ ላይ ሞክርልኝ» አልኩት።

«አቦ ይተዉኝ እማማ፣ ዕቃ እንዲህ አይፈተንም» አለ። እዚህ ከተማ ሐብሐብ እንኳ ተቆርጦ ይቀመሳል።

አልሄድም ስለው ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ያለውን የሱቁን የድንጋይ ግድግዳ ነካው። መሰርሰሪያው ጮኸ፣ ጋለ፤ ግድግዳው ላይ የወጣው ግን ጭረት ብቻ ነው።

«ለአልፎ አልፎ ነው ብዬዎታለሁ» አለኝ፣ ሳያፍር።

እኔ በዓመት አንዴ ብበሳም፣ ያቺ አንዷ ቀዳዳ መበሳት አለባት። ጥዬለት ወጣሁ።

የማታ ትምህርት ጓደኞቼ፣ ድንጋይ የሚበሳ ርካሽ መሰርሰሪያ ያገኛችሁ፣ ወይም እንደ እኔ «ባልሽን ጥሪ» የተባላችሁ፣ እዚሁ ጽሑፌ ሥር ጻፉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ጎላ አድርጋችሁ ጻፉ። የልጅ ልጄ ዛሬም ያለ አጎበር ነው የምትተኛው፤ አትዘግዩብኝ።