የመስኮቷ ወንበር ጦርነት

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ... የሾርባ ሳህን ይዤ የፍራው ፎን በር ላይ ቆሜያለሁ። «አልፈልግም» ይሉኛል ከውስጥ።

ለማታውቁኝ፣ ጀርመን አገር ኒደርራድ የሚባል ሰፈር አንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ፍራው ፎን የምንላቸው ደግሞ («ፍራው» ወይዘሮ ነው፣ «ፎን» የመኳንንት ስም ምልክት) ከድሮ የጀርመን መሳፍንት ዘር የሆኑ አሮጊት ናቸው። የአባቶቻቸው ግንብ የነበረበት ቦታ ዛሬ ፓርክፕላትስ፣ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ እሳቸው ግን የቤተሰቡ ማኅተም ያለበትን ቀለበት አሁንም ያደርጋሉ። ጣታቸው ስለከሳ እንዳይወልቅ በክር ጠምጥመንላቸዋል።

ነገሩ የተጀመረው ረቡዕ ነው። አዲስ የገቡ፣ ጡረታ የወጡ አንድ የትራም ሹፌር ሳያውቁ በመስኮቱ በኩል ያለውን የፍራው ፎንን ወንበር ያዙ። በቃ፣ ፍራው ፎን ክፍላቸው ገቡ... ከዚያ ወዲህ ከሻይ በቀር በአፋቸው የዞረ ነገር የለም። ሹፌሩማ «ኧረ ይውሰዱት» ብለው ነበር። «የራሴን ወንበር ማንም አይሰጠኝም» አሉ ፍራው ፎን። ሐኪሙ ደግሞ እስከ ሰኞ ካልበሉ ሆስፒታል ይገባሉ ብሎናል። በዚያ ዕድሜ ሆስፒታል መግባት... እናንተው ታውቁታላችሁ።

በዚህ መሀል ልጄ ማህሌት የረሳሁትን የቤት ቁልፍ ይዛልኝ መጣች። ዩኒቨርሲቲው ቬስትኤንድ ካምፓስ የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ነው የምትማረው። ነገሩን በሹክሹክታ ስነግራት ሳቋ አመለጣት።

«ማማ፣ ይሄንንማ እየተማርነው ነው። ድሮ እንግሊዝ አገር መኳንንቱ በማይረባ ነገር ሲኳረፉ፣ ገጣሚዎቹ ጠቡን እንደ ትልቅ ጦርነት አድርገው ይገጥሙት ነበር። ራሳቸውን ሰምተው እንዲስቁ።»

«እንዴ፣ ይሄማ ፉከራ ነው» አልኳት።

«ፉከራ የእውነት ነው፣ ይሄ የውሸት ጀግና ነው።»

«ፎካሪው ሁሉ የእውነት የገደለ መሰለሽ?»

ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ... በሩን ከፍቼ ገባሁ፣ የፍራው ፎንን ከዘራ ከግድግዳው አነሳሁና ጀመርኩት። ልጄ «ማማ፣ ፓይንሊሽ» አለች፤ ማፈሯ ነው። ግን እየተከተለች ወደ ጀርመንኛ መለሰችላቸው።

«ዘራፍ፣ አካኪ ዘራፍ...
ማንኪያዋን ታጥቃ ሹካዋን አንግታ፣
ርስቷን ልታስመልስ ወጣች ተቆጥታ፤
ሹፌሩ ገና ሲያያት ሐሞቱ ፈሰሰ፣
ከነሾርባው ሸሸ፣ ወንበሩን መለሰ።»

በግጥም ንጉሥም አንተ ይባል የለ፣ አንቱታውን ዘለልኩት።

ስጨርስ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ዛሬ ከሥራ ተባረርኩ ብዬ ከዘራውን ቀስ አድርጌ ወደ ቦታው...

«ጨርሰሻል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጨርሻለሁ።»

«ጥሩ አይደለም። ሰውየውን ቶሎ አስፈራሽው። በሚሸሽ ሰው ላይ የተገኘ ድል ምን ክብር አለው? አግዝፊው።»

«እንዴት አድርጌ ላግዝፋቸው? ገና አላወቅኳቸውም።»

ከዘራቸውን ከእጄ ተቀበሉኝ። «እኔም አላውቀውም። እንሂድና እንየው።»

ይኸው ወጡላችሁ... እኔ ሾርባውን ይዤ ከኋላ፣ ልጄ ከኔ ኋላ። ምግብ አዳራሹ ስንደርስ ሹፌሩ አይተውን ከወንበሩ ብድግ ሊሉ ሲሉ፣ ፍራው ፎን «ይቀመጡ» አሏቸው። «ጠላቴ ነዎት፣ ግጥሙ ገና አላለቀም።» ብለው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

ሹፌሩ ምንም አልገባቸውም። «ለጦርነቱ ከሆነ ትራም መንዳት እችላለሁ» አሉ።

ፍራው ፎን ከንፈራቸውን ነክሰው ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ሳቁ። እዚያ ቤት ስሠራ ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ እንባዬ መጣ፣ ምን እንደሚያስለቅሰኝ እንጃ።

ተመስገን ነው የምለው። ልጄንም፣ ያስተማሯትንም፣ ሹፌሩንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሁሉ በላይ ግን እሳቸውን አመሰግናለሁ፤ በራሱ መሳቅ የሚችል ኩሩ ሰው ስንት ጊዜ ይገጥማል? ጣታቸው ወፍሮ ያንን የቀለበት ክር ፈትተን የምንጥልበትን ቀን ያሳየን።

ጦርነቱ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ሾርባው ግን አልቋል።