ጉም ውስጥ የተፈታ ጾም

በደርግ ጊዜ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። በዐቢይ ጾም፣ አንድ ዓርብ ጠዋት አለቃዬ አስጠራችኝ።

«የውጭ እንግዶቻችን በሄሊኮፕተር ተራራ ሊወጡ ነው። እዚያ ሲንሸራሸሩ ይውላሉ። ምሳቸውን ይዘሽ አብረሽ ትሄጃለሽ።»

የአምስት ወር ልጄን ጉለሌ፣ ጎረቤቴ ጋ ትቻት ነው የመጣሁት። ጡጦ በአፏ አይዞርም።

«ስንት ሰዓት እመለሳለሁ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቤትሽ ነሽ።»

አመንኳት። ለራሴ የሚቀመስ ነገር እንኳ አልያዝኩም፤ ቅዳሴ ሲወጣ ቤቴ ገብቼ እበላለሁ ብዬ።

እንጦጦን ስወጣና ስወርድ ያደግሁ ነኝ። ተራራ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሄሊኮፕተሩ አውርዶን ሲመለስ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ዛፍ የሚባል የለም፤ ጅብራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል ብቻ እዚህም እዚያም ተገትሯል። ነፋሱ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፈፈው። አየሩ ቢስቡት ቢስቡት ደረት አይሞላም።

መንገድ የሚመሩን ባርኔጣ የደፉ፣ አሮጌ ካፖርት የለበሱ የአገሩ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ካድሬም አብሮን ነበር፣ እንግዶቹን ሊያጅብ። እንግዶቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን በሉ። ካድሬው ቅቤ የተቀባ ዳቦ ዘረጋልኝ።

«ጾም ነው፣ ያውም ዓርብ» አልኩት።

«ጓዲት፣ እዚህ ድረስ ዓርብ አይወጣም» ብሎ ሳቀብኝ።

እቃዬን ሰብስቤ ሳልጨርስ ጉሙ መጣ። ገደሉንም፣ ጅብራውንም፣ እንግዶቹንም ዋጣቸው። ካድሬው በሬዲዮ ተነጋገረ። ሳቁ ጠፍቶ ነበር።

«ሄሊኮፕተሩ እዚህ ማረፍ አልቻለም። ከጉሙ በታች ሜዳ ላይ ይጠብቀናል። ሊመሽ ሲል ግን ይነሣል። ካልደረስን እዚሁ ነው የምናድረው።»

ልጄ! ጡቴ ሞልቶ ያመኝ ከጀመረ ቆይቷል።

አንዱ የአንዱን ልብስ ይዘን፣ ከሽማግሌው ኋላ ቁልቁል ወረድን። ብዙም ሳንሄድ ዓይኔ ጨለመ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ መነሣት አቃተኝ።

ሽማግሌው ተመለሱ። «ምን ቀምሰሻል፣ ልጄ?»

«ምንም። ቅዳሴ አልወጣም።»

ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ አወጡ። «እንኪ፣ ብዪ።»

«አልችልም፣ አባቴ።»

ቀሚሴ በወተት ርሶ አዩ። «ታጠቢያለሽ እንዴ?»

«የአምስት ወር ናት።»

«ታዲያ እዚህ ብትቀሪ ማን ያጠባታል?»

የንስሐ አባቴን ሳላስፈቅድ ጾም ገድፌ አላውቅም። ያንኑ ነገርኳቸው። «ካህን ሳይፈቅድልኝ እንዴት ብዬ?»

ሽማግሌው ወደ ካድሬው ዞረው ጥቂት አዩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እጃቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ከተው፣ ከደረታቸው የእንጨት መስቀል አወጡ።

ቄስ ናቸው! ይህን ደብቀው ነው ለመንገድ መሪነት የተመረጡት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር ካድሬ ፊት ሲወጣ ምን እንደሚያስከትል እርሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። «ይመልሱት፣ አባቴ» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉና በመስቀሉ ግንባሬን ነክተው አሳለሙኝ። «እኔ ፈቅጃለሁ። ብዪ።»

ካድሬው መስቀሉን አየ። እኔን አየ። እንግዶቹ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባቸው ቆመዋል።

«ምን ዓይነት ጉም ነው!» አለ ካድሬው በመጨረሻ። «የገዛ አፍንጫዬ እንኳ አይታየኝም። ጓዲት፣ ቶሎ ብዪ እንጂ፤ ይመሽብናል።»

ቆሎው አፌ ውስጥ ከእንባዬ ጋር ተቀላቀለ። አላምጬ ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ሄሊኮፕተሩ ሊነሣ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ሽማግሌው አልተሳፈሩም። አገራቸው ነው፤ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ መጡበት ጉም ተመለሱ።

ጉለሌ ስደርስ የልጄ ለቅሶ ከበር ውጭ ይሰማል። ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

«የት ቀረሽ አንቺ? ስታለቅስ ዋለች እኮ!» ብላ ጎረቤቴ ልጅቱን እጄ ላይ አኖረችልኝ።

ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ እንደቆምኩ አጠባኋት። እየተንሰቀሰቀች፣ እየታነቀች ጠባች። እኔም «ተመስገን» አልኩ። እኚያን አባት እዚያው ጉም ውስጥ እንዲጠብቅልኝም እግዚአብሔርን ለመንኩት።