የካቲት ሠላሳን አልቀበልም ያለው ማሽን

ኮምፒውተር ማስነሳት የተማርኩት ዘበኛ ሆኜ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ አለ፤ ይሳቅ። እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ሁለት ፍሪጅ የሚያህል ማሽን ነበር። ፊቱ ላይ የተደረደሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች በትክክለኛው ቅደም ተከተል ከፍና ዝቅ ካላደረጉለት አይነሳም። ባለዲፕሎማው ኦፕሬተር ሲገባ ማሽኑ ተነስቶ እንዲጠብቀው ስለተፈለገ፣ ያን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጽፈው ነበር የሰጡኝ፤ በሳምንቱ ወረቀቱን መለስኩላቸው። የእንግሊዝኛውን መመሪያ ደግሞ መዝገበ ቃላት ይዤ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። በዚያ መሥሪያ ቤት ያን መጽሐፍ የጨረሰ ከእኔ በቀር አልነበረም።

ማብሪያዎቹ ከዜሮ እስከ ሰባት ያሉትን ቁጥሮች እንጂ ስምንትና ዘጠኝን አያውቁም። ለእያንዳንዱ ቁጥር ሦስት ማብሪያ ስላለ ሦስት ጣቶቼ አብረው ይሠሩ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜም እችለው ነበር።

ባለፈው ወር ከጎፋ በሚኒባስ ስመለስ፣ እንደወትሮዬ ለቡ መብራት ኃይል ስንደርስ “ወራጅ አለ” አልኩ። ወረድኩ። ቆምኩ። ሃያ ዓመት የወረድኩበት ቦታ ላይ ቆሜ ቤቴ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ። አፌ ያወቀውን እግሬ አላወቀውም። ሰው እንዳያየኝ ስልክ የማናግር መስዬ አንድ ሱቅ ጥግ ተጠጋሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በኋላ የወፍጮ ቤቱን ድምፅ ሰማሁና መንገዱ ተመለሰልኝ።

ታላቅ ወንድሜም እንዲሁ ነበር የጀመረው። መጨረሻ ላይ የገዛ ልጆቹን “የማን ልጆች ናችሁ?” ይላቸው ነበር።

አብራኝ ለምትኖረው ልጄ አልነገርኳትም። በራሴ ላይ ግን ፈተና አወጣሁ። ያ የድሮ ማሽን ዛሬ በፕሮግራም ተመስሎ እንደሚሠራ ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነበር። የሲጋራ ፓኮ የምታህል ኮምፒውተር ገዛሁ፤ ፕሮግራሙን አወረድኩ፤ ጥፍር በምታህል ሚሞሪ ካርድ ላይ ጫንኩት፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። ማንም አላሳየኝም፤ ልጄ የድሮ ማሽኔ ናፍቆኝ መሰላት። በዚህ ዕድሜ ይህን የሚያደርግ ሰው ከለቡ እስከ ጀሞ ቢፈለግ አይገኝም። ከራሴ ጋር የገባሁት ውል ይህ ነበር፦ ወረቀት ሳላይ ካስነሳሁት ደህና ነኝ፣ ለማንም አልናገርም። ካቃተኝ ለልጄ እነግራታለሁ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልጄ ልብስ ልታሰጣ ግቢ ወጣች። ተቀመጥኩ። እዚህ ማብሪያ የለም፤ ቁጥሩ በኪቦርድ ይጻፋል። እጄ መጀመሪያ ደረቀ። አንዱም ቁጥር አልመጣልኝም። ከዚያ ሦስት ጣቶቼን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳረፍኩና ማብሪያ እንደሚነካ ሰው አንቀሳቀስኳቸው። ጣቶቼ ያውቁ ነበር። እነሱ ያሉትን እየተከተልኩ ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ፈሰሰ፤ ማሽኑ ተነሳ፤ ቀኑን ንገረኝ አለ።

በመሥሪያ ቤታችን ቀን የሚሰጠው በእኛው አቆጣጠር ነበር፤ የካቲት በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ቦታ ይገባል። ዓመቱን የድሮውን ሰጠሁት፤ ማሽኑ ሁለት ሺህን አያውቅም። ቀኑን የካቲት ሠላሳ አልኩ። ትክክል አይደለም አለኝ።

እንደገና ጻፍኩ። እንደገና እንቢ አለ። በሦስተኛው ቀና አልኩ። ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ የካቲት ሠላሳ ይላል። ግን እያየሁት አላመንኩትም፤ ማሽኑ እኮ ተሳስቶ አያውቅም። ቀኑ ጠፍቶብኛል ማለት ነው። ወንድሜም መጀመሪያ መንገድ፣ ቀጥሎ ቀን፣ ከዚያ ሰው ነበር የጠፋበት።

ልጄን መጥራት ፈራሁ። ጀሞ ለሚኖረው ለባለዲፕሎማው ደወልኩ።

“ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?”

“የካቲት ሠላሳ። ምነው ዘበኛው፣ ጡረታህን ልትቀበል ነው?”

ማሽኑን እንዳስነሳሁት፣ ቀኑን ግን እንቢ እንዳለኝ ነገርኩት። ድምፄን ለማስተካከል ሞከርኩ። እሱ ሳቁን ለቀቀው፤ ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

“ፌብሩዋሪ ሠላሳ ቀን አለው እንዴ? በየዓመቱ እኮ ያስቸግረን ነበር። ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ሲሆን ሃያ ስምንት ብዬ ነበር የማሳልፈው። ጳጉሜን ላይማ ጭራሽ ጥገና ላይ ነው እያልን አናስነሳውም።”

“ይህን እንዴት ረሳሁት?”

“ምኑን ትረሳዋለህ? መቼ አወቅኸው? አንተ አስነስተህ ወደ በርህ ትሄዳለህ፤ ቀኑን የምሰጠው እኔ ነበርኩ።”

አርባ ዓመት ሙሉ፣ በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ፣ ያን ማሽን ብቻዬን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነሳው እንደነበር ሳወራ ኖሬያለሁ። እያወራሁም አምኜዋለሁ። ዛሬ አላዋቂነቴ ሲነገረኝ ግን ደስ አለኝ። ያላወቅሁትን አልረሳሁም።

ሃያ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ማሽኑ ተቀበለና ትእዛዜን የምትጠብቀውን ነጥብ ስክሪኑ ላይ አወጣ። ፈተናውን አልፌያለሁ። በውሌ መሠረት አፌን መዝጋት እችል ነበር። ግን ስልኩ ላይ ያ ሰውዬ አሁንም እየሳለ ነበር፤ ያን ጊዜ እኔ ያልጨረስኩትን ሳይነግረኝ በየጠዋቱ ይጨርስልኝ የነበረ ሰው።

“ስማ፣” አልኩት፣ “ባለፈው ወር ለቡ ላይ ወርጄ ቤቴ ጠፋኝ።”

ሳሉን አቆመ።

“ለልጅህ ነግረሃታል?”

“አልነገርኳትም።”

“በል ስልኩን ስጣት።”

ልጄ ባዶውን የልብስ ሳፋ ይዛ ገባች። “አባዬ፣ ማሽኑ እንቢ አለህ እንዴ?” አለችኝ። ተነስቷል አልኳትና ስልኩን ሰጠኋት። እሱ ሲነግራት እሷ እኔን እያየች ሳፋውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። እኔ ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ሦስት ጣቶቼ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ማብሪያ እንደሚነካ፣ አሁንም ይንቀሳቀሱ ነበር።