ሁለት ቀላል ጠመንጃ ለመመዘን ወደ አምባሰል

በግንቦት ወር በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ከደሴ ወደ አምባሰል የሄድኩት ሁለት አጎቶቼን ለማስታረቅ ነው። ጠባቸው በመሬት ቢሆን ሽማግሌ ይበቃቸው ነበር። የተጣሉት ግን በጠመንጃ ነው፤ ያውም ጅግራና ቆቅ ከመምታት ላለፈ ሥራ በማይሆኑ፣ ጥይታቸው የትንሽ ጣት ግማሽ በምታህል ሁለት ቀላል ጠመንጃዎች።

ታላቁ ጋሼ ሰይድ፣ ታናሹ ጋሼ ይመር ይባላሉ። የአባታቸውን ማሳ አንድ ላይ ያርሳሉ፤ ዘሩን ከጅግራ የሚጠብቁትም በእነዚሁ ጠመንጃዎች ነው። ጦርነቱ ከወሎ ከወጣ በኋላ መሣሪያ ሲመዘገብ ቀበሌያቸው፣ «ለአንድ ማሳ አንድ ጠመንጃ ይበቃል፤ ሌላውን አስረክቡ» አላቸው። ጋሼ ሰይድ ከአባቱ የወረሰውን፣ ጋሼ ይመር ከሳዑዲ ተመልሶ የገዛውን አልሰጥም አሉ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ግቢ እየኖሩ አይነጋገሩም። እኔ ደሴ ውስጥ የቶርኖ ባለሙያ ነኝ። በወጣትነቴ አንድ የአደን ካምፕ ውስጥ ጠመንጃ እጠግን ስለነበር፣ «የእህታችን ልጅ መጥቶ ይፍረድ» ብለው ተስማሙ። ይህንንም የነገሩኝ ለየብቻ ደውለው ነው።

ሐይቅ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ከሞላም በኋላ ረዳቱ አንድ ፍራሽ የያዘ ሰው ጨምሮ ፍራሹን በእኛ ጭን ላይ አጋደመው። ሐይቅ ከመግባታችን በፊት ኬላ ላይ ወረድን። ፈታሹ የመሣሪያ ቦርሳዬን ከፍቶ ረጅም ዘንግ ያለው ብሩሽ አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጠመንጃ መወልወያ» አልኩት።

እውነት ነው፤ ግን ከዚህ የከፋ መልስ አልነበረም። ጠመንጃው የት እንዳለ፣ የማን እንደሆነ፣ ፈቃድ እንዳለው ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ጠየቁኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ወደ ሚኒባሱ ስንመለስ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ፣ «የጠርሙስ ማጠቢያ ነው ብትል ምን ይቀርብህ ነበር?» ብላ እስከ ሐይቅ ድረስ ፊቷን አዞረችብኝ።

ሐይቅ ላይ የዓሣ ጥብስ በላሁ። ዓሣው ትኩስ ነበር፤ ሐይቁም ከዛፎቹ ወዲያ ያበራል። እንዳላጣጥመው ግን የምግብ ቤቱ ባለቤት የጉዞዬን ምክንያት ሰምቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርሰው፣ አንድ ጎራሹ ይሻላል» አለ። የሚያስተናግደው ሰውዬ ደግሞ፣ «የምን አንድ ጎራሽ! ጅግራ በመንጋ ነው የሚመጣ» ብሎ ተነሣበት። ሁለቱ ሲከራከሩ ሒሳቤን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ከውጫሌ ወደ ታች

ከውጫሌ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ሹፌሩ፣ «አብሽር፣ አሁን ይነሣል» እያለ ብዙ አቆየኝ። በመጨረሻ ቦርሳዬን ተሸክሜ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሬ ወረድኩ። በግራዬ የአምባሰል ገደል ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ አዲስ የተዘራ የማሽላ ማሳ አለ። እንደደረስኩ ጋሼ ሰይድ በአንድ በር፣ ጋሼ ይመር በሌላ በር ወጥተው ሳሙኝ። ምሳም ሁለት ጊዜ ቀረበልኝ፤ የአንዱን ትቼ የአንዱን ብበላ ፈርደሃል ሊሉኝ ስለሆነ ሁለቱንም በላሁ።

ሚዛኑ

ከሰዓት በኋላ ጠመንጃዎቹን ፈታሁ። የጋሼ ሰይድ ሰደፉ እንጨት፣ አፈሙዙ ረጅም፣ ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ ነው። ትከሻ ላይ ሲያርፍ ይመቻል፤ የጥይት መምቻ መርፌው ግን ተበልቶ አንዳንዴ ጥይቱን ሳይተኩስ ይቀራል። የጋሼ ይመር ሰደፉ ፕላስቲክ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢይዙት አይከብድም፤ ካዝናው አሥር ይይዛል። ዒላማ ማሳያው ግን ላልቷል። ሁለቱ የሚጋሩት ጥይት በመድኃኒት ቆርቆሮ የተቀመጠ ነው፤ እርጥበት አግኝቶታል።

አንድ የሰርዲን ጣሳ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ከሃምሳ እርምጃ ተኮስኩ። አሮጌው መጀመሪያ ከሸፈ፤ ቀጥሎ ጣሳውን መሐሉን በሳው።

«በለው!» አለ ጋሼ ሰይድ ወደ እኔ እያየ። «ይሄን ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ።»

«ከሁለት አንዱን ነው የተኮሰ በለው» አለ ጋሼ ይመር።

ሦስት እርምጃ ያህል ነው የተራራቁት። «አስተርጓሚ አደረጋችሁኝ እኮ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። አዲሱን አንሥቼ አከታትዬ አራት ተኮስኩ። ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ መለሰው፤ አራቱ ጥይት አሥር የሆነ መሰለ። ጣሳው አልተነካም። ካዝናው ተቀርቅሮ እሱን ስነቅል ከጉብታው ወዲያ የሴት ጩኸት ሰማን።

ጋሼ ሰይድ፣ «እኛ ነን! ምንም የለም! እኛ ነን!» እያለ ሮጠ። ጋሼ ይመርም ተከተለው። ስንደርስ ጎረቤታቸው ዘሃራ ማሳው ውስጥ በደረቷ ተኝታለች። ከሥሯ ሁለት ልጆች አሉ። የምታርስባቸው በሬዎች ቀንበር እንደያዙ ወደ ወንዙ ወርደዋል። ቀና ብላ አየችን፤ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ጠመንጃ አየች።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ጅግራ... ለጅግራ ነው፤ ስንሞክር ነው» አላት ጋሼ ሰይድ።

«ለጅግራ! ለጅግራ ብላችሁ ነው ልጆቼን አፈር ያስበላችኋቸው? ያኔ በጦርነቱ ስንት ቀን እንዲህ እንደተኛን ታውቃለህ እኮ ጋሼ ሰይድ! ምነው ብትነግሩን? ያ ረቢ፣ አንድ ሰው ልካችሁ ብትነግሩን ምን ነበረበት?»

ጋሼ ሰይድ ቀስ ብሎ፣ «ይመር፣ በሬዎቹን» አለ። ከመጣሁ ጀምሮ የወንድሙን ስም ሲጠራ የሰማሁት ያኔ ነው። ጋሼ ይመር ሮጦ ወረደ። ወንድሙም ሞፈሩን አንሥቶ ተከተለው።

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ሚሊሻ መጣ። ሳታስታውቁ ተኩሳችኋል ብሎ ሁለቱንም ጠመንጃዎች ወሰደ። ቀኑን ሙሉ ተንገላትቼ የመጣሁት የትኛው ይሰጥ ለማለት ነበር፤ ሁለቱም ሄዱ። ደረሰኝ እንኳ ለመጻፍ እስክሪብቶ ከእኔ ተበደረ፤ አልመለሰልኝም። አጎቶቼ ግን አልተከራከሩትም። በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ማሳው ላይ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ ጀሪካን እየደበደበ፣ አንዱ እየጮኸ ጅግራ ያባርራሉ። ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት አንተ እየተባባሉ ነበር።

ደሴ

እሑድ ከሰዓት በኋላ አቧራዬን ሳላራግፍ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ፣ «የትኛው በለጠ?» አለችኝ። ኬላውን፣ ባጃጁን፣ የበሰበሰውን ጥይት፣ የተወሰደብኝን እስክሪብቶ ሁሉ በንዴት ዘረገፍኩላት። ዘሃራ ጋ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«ልጆቹስ? ተነሡ?»

«ተነሥተዋል መሰለኝ» አልኳት።

«መሰለኝ?»

አፈሙዝ ለክቼ፣ ክብደት መዝኜ፣ እርምጃ ቆጥሬ ስመለስ የልጆቹን ስም እንኳ አልጠየቅሁም። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ አስቸገረኝ ስል ነበር፤ እዚያ ማሳ ላይ ግን አስቸጋሪው እኔ ነበርኩ። ጠመንጃ ከመሞከር በፊት የሚለካው ድምፁ ማን ጋ እንደሚደርስ መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ። ስልኬን አውጥቼ ጋሼ ይመር ጋ ደወልኩ። «ጠመንጃው ገና አልተመለሰም» ብሎ ጀመረ።

«ጠመንጃውን ተወው» አልኩት። «የዘሃራ ልጆች ማን ማን ይባላሉ?»