የእማማ ሽታዬ ሸክም

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ለሚስቴ እንኳ። ጴንጤ ነኝና የነፍስ አባት የለኝም፤ እንግዲህ የምታነበው አንተ ቁጭ ብለህ ስማኝ። እኔ የአሮጊት ጭራሮ ሰርቄያለሁ። ሰርቄም ጥፋቱ በሌላ ሰው ሲላከክ ዝም ብዬ አይቻለሁ። «ጭራሮ ነው እንዴ ይህን ያህል?» ትል ይሆናል። እኔም ያኔ እንደዚያው ነበር ያልኩት።

ደመወዜ ኪራይ አልችል ሲል አጎቴ ሞተሩ የነከሰ ሚኒባሱን ሰጠኝ። ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ የቀረች ናት። የኋላ ወንበሮቹን ነቅዬ ፍራሽ ዘረጋሁና ገባሁ። መሪ ሰፈር በሚገኘው መሥሪያ ቤቴ ግን ኮንዶሚኒየም ተከራይቻለሁ ብዬ አውርቼ ነበር። ውሸቴን የሚያጋልጥብኝ ጠረኔ ነበር፤ ስለዚህ በየጠዋቱ መታጠብ ግድ ሆነብኝ። ቀዝቃዛ ውሃ አይሆንም ነበር? ይሆን ነበር። የእንጦጦ ሥር ውሃ በጥቅምት አጥንት ድረስ ይገባል እንጂ አይገድልም። እኔ ግን ሙቅ ውሃ አማረኝ።

መብራት የለኝም። ከሰል መኪና ውስጥ ማቀጣጠል ደግሞ ሞትን ና ግባ ማለት ነው። ከመኪናዋ ጀርባ ሦስት ድንጋይ ጎልቼ በቀለም ቆርቆሮ ውሃ እጥድ ነበር። ግማሹን ሳፋ ውስጥ ቆሜ በጣሳ እታጠብበታለሁ፤ በቀረው ሽሮዬን እሠራለሁ።

እማማ ሽታዬ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴት ነበሩ። ከጎረቤታቸው ከጫልቱ ጋር ነው የሚወጡት፤ ሸክም ለብቻ አይታሰርም፣ ለብቻም ጀርባ ላይ አይወጣም። አንዷ በጉልበቷ ተጭና ገመዱን ስትስብ ሌላዋ ትቋጥራለች። በኦሮምኛ እየተሳሳቁ ሲወርዱ ከሩቅ ይሰሙኝ ነበር። እኔ ጋ ሲደርሱ እማማ ሽታዬ ይደክማቸዋል። ደንበኛቸው ጠላ ጠማቂ ናት፤ ጭራሮውን የምትረከበው ጠዋት ነው። ስለዚህ ሸክማቸውን መኪናዋ ላይ አስደግፈው፣ «ልጄ፣ አደራ» ብለውኝ ወደ ቤታቸው ያዘግማሉ። ለጥበቃዬም እፍኝ ጭራሮ ሰብረው «ለውሃህ ትሁንህ» ይሉኛል። ለጅብ ሥጋ አደራ ማለት ይሄ ነው።

እፍኟ ውሃውን ለብ ታደርገዋለች እንጂ አታፈላውም። አንድ አመሻሽ ላይ ገመዱን ሳልፈታ ከሸክሙ መሀል ደረቅ ደረቁን መዘዝኩ። እንዳይጎድል ደግሞ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰብሬ ጠቀጠቅሁበት። ከውጭ ላየው ያው ሸክም ነው። በማግሥቱ ውሃዬ ተንተከተከ፤ ከአናቴ ላይ ሳፈሰው ከደስታዬ ብዛት መዝሙር አዜምኩ።

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ እኔም ለመድኩት። እርጥብ ከደረቅ እንደሚከብድ አጥቼው ነው? አላጣሁትም። ሴትዮዋን ሰረቅኳቸው፣ በላዩም ጨምሬ አሸከምኳቸው። «እርጅና መጣ መሰለኝ ልጄ፤ ማታ የቻልኩትን ጠዋት አልችለውም» ሲሉኝ «አይዞዎት» እላለሁ። እሑድ ደግሞ ቸርች ውስጥ ለምስክርነት ተነሥቼ፣ ጌታ በችግሬ ጊዜ ሙቅ ውሃ እንኳ አላሳጣኝም ብዬ ተናገርኩ። ጉባኤው አሜን አለ። እኔም አብሬ አሜን አልኩ።

ጠላ ጠማቂዋ ጭራሮው አልነድ ብሎ በጭስ ሲያስለቅሳት አንዱን ሸክም ፈትታ መሀሉን አየች። እማማ ሽታዬን አታላይ ብላ ከደጇ መለሰቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ ከጫልቱ መግዛት ጀመረች። ታዲያ እማማ ሽታዬ ማንን ይጠርጥሩ? ሸክሙን አብራቸው የምታስረው ጫልቱ፣ ደንበኛቸውን የወሰደች ጫልቱ! ሱፍ ለብሶ ቢሮ የሚገባ አማኝ ጭራሮ ይሰርቃል ብሎ ማን ያስባል?

የተጣሉት መኪናዬ አጠገብ ነው። ጫልቱ መሬቱን በእጇ እየመታች፣ «አድርጌው ከሆነ ልጆቼን ይንሳኝ» ብላ ማለች። እማማ ሽታዬ አላመኗትም። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ እዚሁ ነህ። ሸክሜን ሰው ሲነካው አይተሃል?» አሉኝ።

«አላየሁም፣ እማማ» አልኳቸው።

ፀጉሬ ገና አልደረቀም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሸክሙ አንዲት ጭራሮ አልነካሁም፤ ግን ምን ዋጋ አለው? ሁለቱ ሴቶች ዳግመኛ አብረው ተራራውን አልወጡም። እማማ ሽታዬ ሌላ ደንበኛ አገኙ፤ የሚያሸክማቸው ሰው ግን አጡ። ጠዋት ጠዋት ጀርባቸው ላይ የማነሣላቸው እኔ ሆንኩ። «እጅህ ይባረክ፤ ካንተ በቀር የማምነው ሰው የለኝም» ይሉኝ ነበር።

ዛሬ እዚያው መሪ ሰፈር እውነተኛ ቤት አለኝ፤ ሚስትም፣ የውሃ ማሞቂያም። ባለፈው ክረምት የእማማ ሽታዬን ማረፍ ሰምቼ ለቅሶ ደረስኩ። ጫልቱ ከድንኳኑ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ቁጭ ስል፣ «አንተን ይወዱህ ነበር። ስለ እኔ ምንም አላሉህም?» አለችኝ። እዚያው መናገር ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ደርሶም ነበር።

«ምንም አላሉኝም» አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አቀረቀረች።

ድህነት ነው፣ ብርዱ ነው፣ ልጅነት ነው አልልህም። ድሃስ እሳቸው ነበሩ። ይቅር በለኝም አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። የጫልቱን ቤት አውቀዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ልነግራት ቆርጬ ሄድኩና በሯን አንኳኳሁ። ከፍታ ስታየኝ ፊቷ በራ። «ውይ፣ ብርድ መትቶሃል። ግባ፣ ውሃ ጥጃለሁ» አለችኝ። ከጀርባዋ ጭራሮው ሲንጣጣ ይሰማኛል።

ቸኩያለሁ ብያት ተመለስኩ።